ልጅ 18 ሲሞላው ወላጅ የትምህርት ማህደሩን ማየት ይቀርበታል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አሜሪካ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ 12ኛ ክፍል። ተማሪው ከጥቂት ወራት በኋላ 18 ይሞላዋል። ወላጅ የዲሲፕሊንና የቀሪ መዝገቡን፣ በተለይ ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ) የሚጽፈውን ማየት ይችላል? ከ18 በኋላስ?

መልስ 1፦ ነገሩ የሚዳኘው በፌርፓ ነው፤ የተማሪን መዝገብ ማን ማየት እንደሚችል የሚወስን የ1974 የፌዴራል ሕግ። መብቱ የወላጅ ሆኖ ይቆይና ልጁ 18 በሞላው ቀን ወደ ልጁ ይዞራል። ከዚያ በፊት ኮሌጅ ከተመዘገበ የኮሌጁ መዝገብ ያኔውኑ የልጁ ነው። ስለዚህ ከልደቱ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። «ሙሉ ፋይሉን» ብቻ ካሉ ብዙውን ጊዜ የሚሰጥዎት ትራንስክሪፕት (የውጤት ዝርዝር) ነው፤ የዲሲፕሊን ሪፖርት፣ የቀሪ መዝገብ፣ የልዩ ትምህርት ግምገማ እያሉ በስሙ ይጥሩት። ቀን ይጻፉበት፣ ኮፒ ያስቀሩ። ትምህርት ቤቱ ጥያቄው ከደረሰው ጀምሮ ቢበዛ በ45 ቀን ማሳየት አለበት፤ ጥያቄ የቀረበበትን መዝገብም እስኪያሳይ ማጥፋት አይችልም። ግዴታው ማሳየት ነው፣ ኮፒ መስጠት አይደለም። በርቀት ምክንያት መምጣት ካልቻሉ ግን ኮፒ ይሰጣል ወይም ሌላ መንገድ ያመቻቻል።

መልስ 2፦ የካውንስለሩ ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለራሱ ማስታወሻ ብሎ የያዘው፣ ለማንም ያላሳየው ጽሑፍ ከፌርፓ ውጭ ነው፤ አምጣ ቢሉት አይገደድም። ያንኑ ማስታወሻ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ካሳየው ግን ከለላው ይወድቃል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ካውንስለር ይህን ስለሚያውቅ ደብተሩን ከሲስተሙ ለይቶ ይይዛል። ልጁ አምኖ እንዲያወራው የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ከ18 በኋላ በሩ ጨርሶ ይዘጋል?

መልስ 3፦ አይዘጋም። ልጁ በእርስዎ ታክስ ላይ ዲፔንደንት (በወላጅ የሚተዳደር) ከሆነ ትምህርት ቤቱ ያለ ልጁ ፈቃድ ሊያሳይዎት ይችላል። «ይችላል» የምትለዋን ልብ ይበሉ፤ እምቢ ካለ ማስገደጃ የለዎትም። ከታክስ ወረቀት ጋር ከመሟገት ልጁን ማስፈረም ይቀላል። ፈቃዱ ፊርማና ቀን ይኑረው፤ የትኛው መዝገብ፣ ለምን ዓላማ፣ ለማን እንደሚሰጥ ይግለጽ። ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ዓላማው ነው፤ ወረቀቱም ለዚሁ ተብሎ ይመለሳል።

መልስ 1፦ አንድ ልጨምር። በሰኔ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማህሙድና ቴይለር ክርክር 6 ለ 3 የወሰነውን ከዚህ ጋር የሚያምታቱ አሉ። ያ ወላጅ በሃይማኖቱ ምክንያት ልጁን ከአንዳንድ የክፍል ንባቦች ስለማስወጣት ነው፤ ማህደርን አይነካም። ሃይማኖት፣ የቤተሰብ ገቢ ወይም የአእምሮ ጤና የሚጠይቅ መጠይቅ ክፍል ውስጥ ከመጣ ደግሞ ፒፒአርኤ የሚባል ሌላ ሕግ አለ። መጠይቁ በፌዴራል ትምህርት መሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚካሄድና ተማሪው እንዲሞላው የሚገደድ ከሆነ አስቀድሞ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህም መብት በ18 ወደ ልጁ ይዞራል።