በኢሳይያስ ምዕራፍ 2 ወደ ዋሻ የሚሸሹት ሰዎች ፍርሃት ንስሐ ነውን?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 2ን ባነበብሁ ቁጥር አንድ ነገር ያሳስበኛል። ነቢዩ የሊባኖስን ዝግባ፣ የባሳንን ዛፍ፣ ረጅሙን ግንብና የተርሴስን መርከብ እየጠራ፣ ከፍ ያለው ሁሉ እንደሚዋረድ ይናገራል። ሰዎቹም በዚያ ቀን የብርና የወርቅ ጣዖቶቻቸውን ለፍልፈልና ለሌሊት ወፍ ጥለው ወደ ዓለት ዋሻ ይገባሉ። ጣዖትን መጣል መልካም ነገር ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ ሰዎች ግን ወደ እግዚአብሔር ሲመለሱ አናይም፤ ከፊቱ ይሸሻሉ እንጂ። ፈሪሃ እግዚአብሔር የጥበብ መጀመሪያ ነው ተብለን አድገናል፤ ታዲያ ይህ ፍርሃት እንዴት ያለ ፍርሃት ነው?

መልስ 1፦
ወንድሜ ሆይ፣ ዕብራይስጡን ማየት ይረዳል። በዚህ ምዕራፍ ያለው ቃል «ፓሐድ» ሲሆን፣ በምዕራፍ 11 ከእሴይ ግንድ በሚወጣው ላይ ያርፋል የተባለው ፍርሃት ግን «ይርአ» ነው። ሁለቱ ቃላት በሌሎች መጻሕፍት አንዳንዴ ስለሚቀራረቡ ልዩነቱን ሕግ ማድረግ አይገባም፤ እዚህ ላይ ግን «ፓሐድ» ድንጋጤ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር አለ። በቁጥር 12 ትዕቢተኛው «ጌኤ» ይባላል፤ በቁጥር 10፣ 19 እና 21 ሰዎች የሚሸሹት የእግዚአብሔር ግርማ ደግሞ «ጋኦን» ነው፤ የሁለቱም ሥር አንድ ነው። ስለዚህ ነቢዩ ከፍታን በራሱ አይጠላም። ከፍታው የአንዱ ብቻ ሆኖ ሳለ ሰው ለራሱ ወስዶታል፤ ባለቤቱ ሲነሣ ደግሞ ይዞት የሚቆምበት ቦታ አያገኝም።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ የንጉሥ ዖዝያንን ታሪክ ልጨምር። ኢሳይያስ ትንቢቱን የጀመረው በዘመኑ ነው። ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 26 እንደሚነግረን ዖዝያን 52 ዓመት ነገሠ፣ ኤላትን ሠራ፣ በኢየሩሳሌምና በምድረ በዳ ግንቦችን አቆመ፤ በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ታበየና ዕጣን ሊያጥን ወደ መቅደስ ገባ። ካህኑ ዓዛርያስና 80 ካህናት እየተቃወሙት ሳለ በግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣ። ልብ በሉ፦ ካህናቱ ፈጥነው ሲያስወጡት እርሱ ራሱም ለመውጣት ቸኮለ። ያ ጥድፊያ የዋሻው ጥድፊያ ነው፤ ዖዝያን በደልሁ ማለቱ በዚያ ምዕራፍ አልተጻፈም፤ እስኪሞት ድረስም በተለየ ቤት ተቀመጠ። በዘመኑ ምድር መናወጧን አሞጽም ዘካርያስም ያነሣሉ፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ምድርን ሊያናውጥ በሚነሣበት ጊዜ የሚለው ቃል ለይሁዳ ሰዎች ባዶ ምሳሌ አልነበረም። ዋሻውንም ቢሆን ያውቁት ነበር፤ አባቶቻቸው ከምድያምና ከፍልስጥኤም ፊት የተሸሸጉት በዚያ ነውና።

መልስ 3፦
የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጠያቂው መልስ በይበልጥ ያለው በምዕራፍ 6 ይመስለኛል። ዖዝያን በሞተበት ዓመት ኢሳይያስ ራሱ በዚያው ግርማ ፊት ተገኘ፤ የመድረኩም መሠረት ተናወጠ። ከዋሻዎቹ ሰዎች ያነሰ አልፈራም፤ «ጠፍቻለሁና ወዮልኝ» ብሏል። ነገር ግን ከንፈሮቹ የረከሱ መሆናቸውን ተናዘዘ እንጂ አልሸሸም፤ ስላልሸሸም መልአኩ ከመሠዊያው ያመጣው የሚያነጻው ፍም አፉን ነካው።

ዓለቱም ቢሆን ሁልጊዜ መሸሸጊያ አይደለም። ነቢዩ አብድዩ የይሁዳን ጎረቤት ኤዶምን የሚወቅሰው በዓለት ንቃቃት ውስጥ ተቀምጦ «ማን ያወርደኛል?» በማለቱ ነው፤ እዚያ ዓለቱ ራሱ ትዕቢት ሆኗል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ካነበብሁ በኋላ ምዕራፍ 33ን ከፈትሁ። በጽዮን ያሉ ኃጢአተኞች ፈርተው፣ ከምትበላ እሳት ጋር ማን ይኖራል ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚሰጣቸውም መልስ በጽድቅ ስለሚሄድና እጁን ከጉቦ ስለሚያራግፍ ሰው ነው። የዚያ ሰው መጠጊያ የዓለት አምባ እንደሚሆን በቁጥር 16 ላይ አገኘሁ፤ እንጀራውም ይሰጠዋል፣ ውኃውም አይጎድልበትም።