ባለቤቴ ኮምቦልቻ ላይ ቤት እንግዛ ስለው እምቢ አለኝ

ሰፊዋ ከደሴ፦
አሰላሙ አለይኩም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከእቁብ ያጠራቀምነው ብር አለን። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ አራት ሰርቪስ ክፍል ያለው ግቢ ለሽያጭ ቀርቧል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ 2009 ላይ ከተመረቀ ወዲህ ሠራተኛው ክፍል ሲፈልግ ነው የማየው።

እሱ ግን «ቤት አይታዘልም» ብሎ ዘጋው። ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ሁለት ልጅ ይዘን ስንወጣ፣ መንገድ ላይ ያበላን አንገቴ ላይ የነበረው ወርቅ ነው። ስንመለስ የስፌት መኪናዎቼ የሉም። ይህን አይረሳም። እኔም አልረሳሁም። ግን ብሩ ባንክ ተቀምጦ የመግዛት አቅሙ ሲያንስ ሳይ ያመኛል። የጎደለውን እንበደር ስለው ደግሞ «ወለድ ቤቴ አይገባም» አለ። ምን ልበለው?

አከራይ ኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ እኔ ሰርቪስ አከራያለሁ። የፓርክ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፤ ኪራይ አያጓድሉም። ግን ፋብሪካ ሥራ ሲቀንስ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ሁለት ክፍሌ አምስት ወር ባዶ ከረመ። አራቱንም ክፍል ዓመቱን ሙሉ አከራይተሽ አትቁጠሪ። ባዶ ወሩንም ጨምረሽ ንገሪው፤ ሹፌር ሂሳብ ያውቃል።

ኡሙ ሐያት፦
በወለዱ አትከራከሪው፣ እሱ እምነቱ ነው። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ያለው ባንክ አብራችሁ ሂዱ። በሙራባሃ ባንኩ ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስቀድሞ ነግሮ፣ በየጊዜው በሚከፈል ይሸጥላችኋል። ጥያቄውን እሱ ይጠይቅ፣ አንቺ ዝም በይ። ደግሞ ወርቅሽን እንዳትነኪ! እኔ ባሌን «ወርቁ ይቀመጣል፣ ከባሰም ይዘነው እንወጣለን» ስለው ነው ልቡ የተመለሰው።

የቀበሌው ልጅ፦
ቀብድ ሳትከፍሉ ካርታውን መሬት ጽሕፈት ቤት አስፈትሹ፣ እዳና እገዳ እንዳይኖርበት። የደላላ ቃል አይበቃም። ቦርከና ወንዝ ዳር ከሆነ በክረምት ሄዳችሁ እዩት። ካርታው በሁለታችሁም ስም ይውጣ።

ሰፊዋ ከደሴ፦
አላህ ይስጥልኝ። ኡሙ ሐያት፣ ትናንት ማታ ቡና አፍልቼ «ወርቁ አይነካም» አልኩት። ሁለተኛው እስኪደርስ አልተናገረም። ከዚያ «ግቢው አይሱዙ ያስገባል?» አለኝ። እሁድ አብረን እንወርዳለን።