ጥቆማ፦ የሬቲና ምርመራን ለማስተማር የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ጠያቂ፦ ለ12 ተማሪዎች የሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ምርመራ መለማመጃ ልንገዛ ነው። አንድ ደህና መሣሪያ ይሻላል ወይስ ለየእጃቸው ርካሽ ርካሹን?

መላሽ 1፦ ለየእጃቸው ይሁን። አንዱ ሲያይ 11ዱ ቆመው ከጠበቁ የማንም እጅ አይፍታታም። አርክላይት የሚባለው ትንሽ የዓይን መመርመሪያ ኪስ ይገባል፣ በፀሐይ ይሞላል፣ ጆሮም ያሳያል። ሌንሶቹ ጥቂት ስለሆኑ እንደ ተለመደው ዳይሬክት ኦፍታልሞስኮፕ (ዓይን ላይ ተጠግተው ውስጡን የሚያዩበት መሣሪያ) ደረጃ በደረጃ ማጥራት አይቻልም። ለጀማሪ ግን ይኼ እንዲያውም ይጠቅማል፤ የሌንስ መዘውር ሲያሽከረክር ጊዜው አያልቅም።

ፓንኦፕቲክ (ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ ኦፍታልሞስኮፕ) 25 ዲግሪ ገደማ ያሳያል፤ ተራው 5 ገደማ ነው። ነገር ግን ውድ ነው፣ በእሱ የለመደ ተማሪም ተራውን ሲይዝ እንደ አዲስ ይጀምራል። አንድ ካላችሁ ለመምህሩ ይሁን።

መላሽ 2፦ በእጅ የሚሠራውን የዓይን ሞዴል አትርሱ፤ ከሚገዛው ሁሉ እሱ ይበልጣል ባይ ነኝ። ከመነጽር መለኪያ ሳጥን የ+20 ዳይኦፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ሌንስ ወስዳችሁ፣ ውስጡ ጥቁር የተቀባ ቱቦ አፍ ላይ ግጠሙት። ከፊቱ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ጥቁር ካርቶን ለጥፉ፤ ብሌኑ እሱ ነው። የሬቲናውን ፎቶ ከሌንሱ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት አስቀምጡ። ኦፕቲክ ዲስኩ (የዓይን ነርቭ ከሬቲና የሚወጣበት ክብ) 4.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይታተም። የእውነተኛው ስፋት 1.5 ገደማ ነው፤ ሞዴሉ ግን የትኩረት ርቀቱ የዓይንን ሦስት እጥፍ ስለሚሆን ፎቶውም በዚያው ልክ ያድጋል።

ፎቶውን 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ሌንሱ ካስጠጋችሁት የ5 ዳይኦፕተር ሃይፐሮፒያ (ቅርቡን የማየት ችግር)፣ 1 ሴንቲ ሜትር ካራቃችሁት ደግሞ ከ3 በላይ ማዮፒያ (ሩቁን የማየት ችግር) ይሆናል። መዘውር ያለው መሣሪያ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

የሚያብለጨልጭ ወረቀት አይሁን፤ ብርሃኑን መልሶ ምስሉን ይውጠዋል። በ8 ሲለምዱ ቀዳዳውን ወደ 4 አጥብቡት። ያኔ በደንብ ያልተጠጋ ሁሉ ጨለማ ብቻ ያያል፤ የተማሪው ትልቁ ችግር መራቁ ነውና።

መላሽ 3፦ ስልክና በእጅ የሚያዝ የ20 ዳይኦፕተር ሌንስም አለ። ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ፍላሹን አብሩ፣ ሌንሱን ከዓይኑ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ አርቃችሁ ያዙ። ብሌኑ ትሮፒካማይድ በተባለ የዓይን ጠብታ መስፋት አለበት፣ 20–30 ደቂቃ ይፈጃል። ምስሉ ተገልብጦ ነው የሚታየው። ሁሉም በስክሪን ስለሚያዩት ለውይይት ጥሩ ነው፤ የዳይሬክቱን እጅ ግን አያስለምድም።

መላሽ 2፦ አንድ ልጨምር። ተማሪ «አየሁት» ሲል አትመኑ። ፎቶው ላይ ከዲስኩ አጠገብ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ፊደል ጻፉና ምን እንደሆነ ጠይቁት። ፎቶዎቹንም ቀያይሩ፣ አለዚያ ፊደሉን ይሸመድዱታል።