የድልህ ጣሳ ጎኑ ለምን ተሸነሸነ?

ባለሱቁ፦ ሰላም ናችሁ? ሐዋሳ አሮጌ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ትናንት ዕቃ ስደረድር የጎረቤት ልጅ መጣችና "ጋሼ፣ የድልሁ ጣሳ ለምን እንደ ቀሚስ ተሸነሸነ? የለስላሳው ልሙጥ ነው እኮ" አለችኝ። "እንዲያምር ነው" ብዬ ሸኘኋት። ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። የምታውቁ ንገሩኝ።

የፋብሪካው ልጅ፦ ለማማር አይደለም ጋሼ። ድልህ ትኩሱን ተሞልቶ ይታሸጋል። ሲቀዘቅዝ ውስጥ የቀረው እንፋሎት ውሃ ይሆንና ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ የውጭው አየር ጣሳውን ከየአቅጣጫው ይጫነዋል። ልሙጥ ስስ ብረት ቢሆን ጭምድድ ይል ነበር። የቤትህን ጣሪያ አስብ፤ ቆርቆሮው የጠነከረው ስለታጠፈ ነው። ባቄላና ቱና ደግሞ ከታሸጉ በኋላ 121 ዲግሪ አካባቢ በእንፋሎት ስለሚቀቀሉ ግፊቱ በጣም ይፈትናቸዋል። ለስላሳ ግን ጋዙ ከውስጥ ወጥሮ ይይዘዋል። ከከፈትከው በኋላ በአንድ እጅህ ትጨፈልቀዋለህ።

ቆጣቢዋ፦ ገንዘቡንም አትርሱ! ሽንሽን ካለ ቀጭን ብረት ይበቃል።

የፋብሪካው ልጅ፦ ልክ ነሽ። ግን ሽንሽኑ ሲጠልቅ ከላይ የሚመጣ ክብደት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ልክ አለው።

ባለሱቁ፦ አሁን ባዶ የድልህ ጣሳ ሽንሽኑ ላይ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ንቅንቅ አላለም። የለስላሳው ወዲያው ጎደጎደ። ነገ ልጅቷን ጠርቼ ውሸቴን አስተካክላለሁ። ከረሜላም ሳያስከፍለኝ አይቀርም።