ቀን ቆርጦ የማይፈርም ተመራማሪ የሕዝብ ገንዘብ ይገባዋል ወይ?

ጠያቂው፦ ትናንት ማታ የጀመርነው ክርክር ስላላለቀ ሁላችሁም ግቡበት ብዬ አመጣሁት። አንድ የፊዚክስ ፕሮፌሰር አሉ እንበል። ላቦራቶሪያቸው ሁለት ነገር ያጠናል። አንደኛው ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ብክነት የሚያሳልፍ ቁስ። ሁለተኛው እንደ አንጎል ሴል የሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ ቁስ ነው። ደመወዙም መሣሪያውም ከግብር ከፋዩ ነው የሚመጣው። ታዲያ እኚህ ሰው «በዚህ ዓመት ይህን አስረክባለሁ» ብለው መፈረም አለባቸው ወይስ የለባቸውም? ዓመተ ምሕረት የምትጠቅሱ በፈረንጆቹ ጻፉ፣ እንዳንምታታ። ስድብ የለም።

ሒሳብ ያዡ፦ ይፈርሙ እንጂ! ድልድይ የሚሠራ ኮንትራክተር ይፈርም የለም እንዴ? ሱፐርኮንዳክተር የተገኘው በ1911 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ቤቴ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን አሁንም መዳብ ነው። የአንጎሉም ነገር ያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 የሰውን አንጎል በኮምፒውተር እናስመስላለን የሚል ግዙፍ ፕሮጀክት ከፈተ። አሥር ዓመት ፈጀ፣ 600 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ በላ፣ በ2023 አለቀ። አንጎሉ የታለ?

ራዲዮሎጂ ክፍል፦ ወንድሜ፣ የመዳብ ሽቦህን ተወውና የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የምናነሣበት ኤምአርአይ ክፍል ና። እዚያ ያለው ማግኔት ከሱፐርኮንዳክተር ሽቦ የተጠመጠመ ነው፣ ከኒዮቢየምና ከቲታኒየም ቅይጥ። 269 ዲግሪ ከዜሮ በታች ባለ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ተነክሯል። አንዴ ከረንት ከገባበት ዝም ብሎ ይዞራል፣ ለዓመታት። መብራት ቢጠፋ እንኳ ማግኔቱ አይጠፋም። አዲስ የጽዳት ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንነግረው ይህንን ነው፤ «ማሽኑ ጠፍቷል» ብሎ የብረት ባልዲ ይዞ እንዳይገባ። ስለዚህ ምንም አልወጣውም አትበል።

ሒሳብ ያዡ፦ እሺ እህቴ፣ ይህንን ተቀበልኩ። ግን ከ1911 ስንት ዓመት በኋላ?

ባለ ናይትሮጅኑ፦ እኔ ልመልስ፣ ታሪኩ ላንተም ለኔም ይሆናል። ሱፐርኮንዳክተርን ያገኘው ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦንስ ራሱ ቃል ገብቶ ነበር። በ1913 ኃይለኛ ማግኔት እሠራለሁ አለ። ሲሞክረው ጉድ ሆነ። ሽቦው ራሱ የፈጠረው ማግኔታዊ ኃይል ሱፐርኮንዳክተርነቱን ገደለበት፣ ያውም ገና በትንሹ። ኃይለኛ ማግኔት የሚችል ሽቦ የተገኘው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ወደ 50 ዓመት ቆይቶ። ኦንስ ባንተ ውል ፈርሞ ቢሆን ላቦራቶሪው ተሸጦ፣ ኤምአርአዩም አብሮ በቀረ ነበር።

ሒሳብ ያዡ፦ ወይም ሌላ ሰው ቶሎ ያገኘው ነበር። ያልሆነውን ማን ያውቃል? ደግሞ የማይፈርም ሰው የፈለገውን ይለፍፋል። በ2023 ክረምት ኤልኬ-99 የተባለውን ረሳችሁት? ከደቡብ ኮሪያ «በክፍል ሙቀት የሚሠራ ሱፐርኮንዳክተር» ተባለ፣ ሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ላይ ይንሳፈፋልና በግማሽ የተንሳፈፈች ድንጋይ ቪዲዮ ወጣ፣ ዓለም ተንጫጫ። በሳምንታት ውስጥ ውሸት ሆነ።

ባለ ናይትሮጅኑ፦ ውሸት ሳይሆን ስህተት ነው። ናሙናው ውስጥ የመዳብ ሰልፋይድ ቆሻሻ ነበረበት። እሱ ደግሞ 104 ዲግሪ ገደማ ላይ በራሱ ጊዜ ባሕርዩን ይቀይራል፤ የኤሌክትሪክ መከላከሉ በአንዴ ይወርዳል። ሱፐርኮንዳክተር መሰላቸው። ንጹሕ ክሪስታል ተሠርቶ ሲለካ ጭራሽ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። የባሰው ሌላ ነው። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በ2020 እና በ2023 ከአንድ ቡድን የወጡ ሁለት የክፍል ሙቀት ጽሑፎች ሁለቱም ተሰርዘዋል። እና ሰው እንዲህ የሚቸኩለው ለምን ይመስልሃል? ቀን ተቆርጦበት ተአምር ሲጠየቅ ነው። አንተ የምትለው ውል ይህንን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ቺፕ ነካኪ፦ እኔ በሱፐርኮንዳክተሩ አልገባም። የአንጎሉን ግን ሁለታችሁም አልነካችሁትም። «አንጎል በ20 ዋት ይሠራል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር አታናድዳችሁም? እኔን ሰልችታኛለች። እውነት ነው፣ ፍሮንቲየር የተባለው ሱፐር ኮምፒውተር 20 ሜጋ ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ሚሊዮን እጥፍ ማለት ነው። ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። አንጎል አሥር አሃዝ ያለውን ቁጥር በአሥር አሃዝ ማባዛት በቀላሉ አይሆንለትም። ገንዘብ ሲጠየቅ ይህቺን ንጽጽር የሚያመጣ ሰው ላይ ጥርጣሬ አለኝ።

እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። ዛሬ ባለን ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ ሌላ ቦታ፣ ሜሞሪው ሌላ ቦታ ነው። ዳታው ሲመላለስ ይውላል። ብዙ ጊዜ ከስሌቱ ይልቅ ጉዞው ነው ኃይል የሚበላው። አይቢኤም በ2014 ያወጣው ትሩኖርዝ የተባለ ቺፕ ሁለቱን አቀራርቦ አንድ ሚሊዮን ሰው ሠራሽ ኒውሮን (የነርቭ ሴል) በ70 ሚሊ ዋት ገደማ አንቀሳቀሰ። ግን ለዚያ 5.4 ቢሊዮን ትራንዚስተር፣ ማለትም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ፈጅቷል። ፕሮፌሰሮቹ የሚሉት «በሺህ ትራንዚስተር የምታስመስለውን አንድ ቁስ በተፈጥሮው ቢሠራውስ?» ነው።

ቫናዲየም ዳይኦክሳይድን እዩ። እስከ 68 ዲግሪ ድረስ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም። 68ን ሲያልፍ በአንዴ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ አሳላፊ ይሆናል፣ መከላከሉ በሺዎች እጥፍ ይወርዳል። ቮልቴጅ ስትሰጠው ይሞቃል፣ ይቀየራል፣ ያጠራቀመውን ይለቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይመለሳል። ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ጫፍ ጫፍ እያለ ይወጣል፣ ልክ እንደ ነርቭ። ሳየው ደስ ይለኛል። ግን ሥራ የበዛበት ቺፕ ራሱ 70 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል! ያኔ ቁሱ እንደ ብረት አሳላፊ ሆኖ ይቀራል፣ ነርቭነቱ አበቃ። ይህ መቼ ይፈታል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ቀን አልሰጣችሁም። የሚሰጣችሁ ካለ ይዋሻችኋል።

ሒሳብ ያዡ፦ ታዲያ አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?

ቺፕ ነካኪ፦ ምን እንደሚለኩ ይፈርሙ፣ ምን እንደሚያገኙ አይፈርሙ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ በፊት የጥናት ማመልከቻ ከሚገመግሙት አንዱ ነበርኩ። የሚያስቸግረን ቀን ማለፉ አልነበረም። ያልተሳካው ሙከራ የት እንደገባ አለማወቃችን ነበር። አንዱ ሦስት ዓመት ለፍቶ የማይሆን መሆኑን ያረጋግጣል፣ ዝም ይላል። ሌላው ያንኑ ከዜሮ ይጀምራል። ያው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። እኔ ብሆን የማስፈርመው በዚህ ነው። ያልሆነልህንም አውጣ።

ሒሳብ ያዡ፦ መምህር፣ እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ። ይህ ውል ነው። ፕሮፌሰሩ ይህንን ከፈረሙ እኔ ስለ ቀኑ ዝም እላለሁ። ለአምስት ዓመት ብቻ ግን! ከዚያ እንደገና እንጨቃጨቃለን።

ባለ ናይትሮጅኑ፦ እኔም እስማማለሁ። ተማሪ ሳለሁ ኢትሪየም፣ ባሪየምና መዳብ ያለባቸውን ዱቄቶች ሙቀጫ ውስጥ ፈጭቼ፣ እንደ ክኒን ጨፍልቄ፣ ከ900 ዲግሪ በላይ ጋገርኩ። በ1987 የተገኘችው ናት፣ ለማቀዝቀዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ብቻ የሚበቃት ሱፐርኮንዳክተር። ጥቁር ሆና መውጣት ነበረባት። አረንጓዴ ወጣች። ልኬቱን ስቼ ሌላ ውሁድ ሆና ነበር። ናይትሮጅን ከቴርሞስ ባፈስባት፣ ማግኔት ብደቅንባት፣ ወይ ፍንክች። በአራተኛው ሙከራ ነው ማግኔቷ ብድግ ያለችው።

ሒሳብ ያዡ፦ እና አረንጓዴዎቹን ሦስቱን ጻፍካቸው?

ባለ ናይትሮጅኑ፦ አራተኛዋን ብቻ ነው የጻፍኩት። ሦስቱ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።