የዕድራችን የጥቅምት 15ቱ ምሽት ረቂቅ ዕቅድና የአባላት አስተያየት፦ «ለምን እሷን እንደምመርጥ»

ጸሐፊው፦
ረቂቁ ይኸው። ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 25፣ 2025፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ የተለመደው አዳራሽ። ሐሳቡ አጭር ነው። የፈለገ አባል ይነሳል። በራሱ ስም፣ በ3 ደቂቃ፣ ለቨርጂኒያ ገዥነት ዴሞክራቷን ስፓንበርገርን ወይም ሪፐብሊካኗን ኧርል-ሲርስን ለምን እንደሚመርጥ ይናገራል። «እገሌ ምረጥ ስላለኝ» አይሠራም፤ የራሱን ምክንያት ነው። ከሰማነው ተነስተን አንድ ገጽ ጥያቄ እንጽፍና ለሁለቱም ዘመቻዎች እንልካለን። በጀት፦ አዳራሽ 350፣ ምግብ 400፣ ሻይ ቡና 60። ድምር 810 ዶላር። እስከ ረቡዕ ማታ አስተያየት ስጡ። ሐሙስ አዳራሹን እከፍላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ማንን ጠይቀህ ነው የምትከፍለው? የዕድሩ ገንዘብ የሐዘን ነው። ባለፈው አስከሬን ወደ አገር ቤት ስንሸኝ ስንት እንደቀረን ሪፖርቱ ላይ አለ። ደግሞ 501(ሲ)(3)፣ ማለትም ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ማህበር ነን። በ1954 የወጣው ሕግ እንደኛ ያለ ማህበር ለተወዳዳሪ እንዳይዘምት፣ በተወዳዳሪ ላይም እንዳይዘምት ይከለክላል። የ2021ን አልረሳሁም።

የሌሊት ሹፌር፦
እሱ ሕግ በጁላይ ተነስቷል አይደል እንዴ? ዜና ላይ ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
አልተነሳም። የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስ በጁላይ ለፍርድ ቤት ያለው፣ ቤተ እምነት በአምልኮ ሰዓት ለራሱ ምእመን ስለሚናገረው ነው። ዕድር ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ሰው ነጠላ ለብሶ አዳራሽ ስለገባ ቤተ ክርስቲያን አይሆንም።

ጸሐፊው፦
ለዚህ እኮ ነው በራስ ስም ያልኩት። ማህበሩ ማንንም አይደግፍም። ለሁለቱም እኩል ሰዓት ነው።

ሊቀመንበር፦
የ2021ን ጉዳይ እዚህ ባናነሳው።

የሌሊት ሹፌር፦
ለምን አናነሳውም ጋሼ? ያኔ በገዥነት ምርጫው ለሪፐብሊካኑ ለያንግኪን የወጣነው ተደብቀን አልነበረም። የባይደን የኢትዮጵያ ማዕቀብ ትእዛዝ ሴፕቴምበር ላይ ወጣ። ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ ንግዱ፣ እናስወጣለን ብለው ለኮንግረስ ያሳወቁት ደግሞ በዚያው በምርጫው ቀን፣ ኖቬምበር 2 ነው። ዴሞክራቱ ተወዳዳሪ ማካውሊፍ ምን አደረገን? ምንም። ፓርቲውን ነው የቀጣነው። ምክንያት ማለት ይሄ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ማን ለምን ወጣ አላልኩም። ያንግኪን ገዥ ሆነ፣ አጎዋም በጃንዋሪ ተቋረጠ። የቨርጂኒያ ገዥ በውጭ ንግድ ምን አገባው? እኔ የጠየቅኩት የማህበሩን ማህተም ያኔ በወጣው የድጋፍ ወረቀት ላይ ማን እንደመታው ነው። እስከዛሬ መልስ የለም።

ዲያቆኑ፦
ምግብ 400 ይላል። ምን ምግብ? ጽጌ ላይ ነን።

ጸሐፊው፦
ቅዳሜ ስለሆነ ዶሮ ወጥና ቀይ ወጥ አስቤ ነበር። ማዘዝ አልጀመርኩም።

ነርሷ፦
የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው። ከሰባቱ አጽዋማት ውስጥ የለም። ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ።

ዲያቆኑ፦
የፈቃድ ነው ማለት የሚጾም የለም ማለት አይደለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። እናቶቻችን ይጾማሉ። ጠርታችኋቸው ዶሮ ልታሸትቷቸው ነው?

የአናንዴሏ እናት፦
እናት ነኝ፣ ጽጌን አልጾምም። በስሜ አትናገር ልጄ።

ዲያቆኑ፦
እትዬ፣ እርስዎን አላልኩም።

የአናንዴሏ እናት፦
ታዲያ የማንን እናት ነው?

የሐረሩ፦
ጾምና ፍስኩን እናንተ ጨርሱት። ሥጋ ከሆነ ግን ሐላል ይሁን። ባለፈው ሁለት ድስት አቅርበናል ተባለ፣ ጭልፋው ግን አንድ ነበር። ቆሜ አየሁት፤ ከሽሮው ወጥቶ ቀይ ወጡ ውስጥ ገባ፣ ተመልሶ ሽሮው ውስጥ። የጾመውም አልጾመም፣ ሐላል የፈለግነውም ዳቦ በልተን ሄድን።

ዲያቆኑ፦
ይኸው! እኔ ምን አልኩ?

ነርሷ፦
አንተ ስለ ጭልፋ አላልክም።

የስፕሪንግፊልዱ፦
በየዓይነቱ ይሁንና ይለቅ። 400 ዶላር ለሽሮና ለምስር ብዙ ነው፤ 250 ይበቃል።

የሌሊት ሹፌር፦
ቅዳሜ ከሥራ ቀርቼ መጥቼ ጎመን? አንድ ቅዳሜ ማታ ለእኛ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ?

የስፕሪንግፊልዱ፦
ለምርጫ ነው የምትመጣው ወይስ ለዶሮ?

የሌሊት ሹፌር፦
ለምርጫ ከሆነ ይኸው ሳልበላ ልንገርህ። ኧርል-ሲርስን ነው የምመርጠው። ሁለት መኪና አለኝ። በኦክቶበር መጀመሪያ ለፌርፋክስ ካውንቲ የመኪና ታክስ ከፍዬ ኪሴ ባዶ ነው። መኪናው ለእኔ ጌጥ አይደለም፣ መሥሪያዬ ነው። የገዛሁ ጊዜ ታክስ ከፈልኩበት፤ በየዓመቱ ደግሞ ስላለኝ ብቻ እከፍላለሁ። እሷ አጠፋዋለሁ ብላለች። ሌላም አለ። ከጃማይካ በልጅነቷ የመጣች ናት። አባቷ እዚህ የገባው በ1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው፤ በሄደችበት ሁሉ ትናገረዋለች። እኔ በ40 ዶላር ነው የገባሁት። ጨረስኩ፣ 3 ደቂቃም አልሞላ።

ነርሷ፦
የቀድሞው ገዥ ጊልሞርም በ1997 የመኪና ታክስ አጠፋለሁ ብሎ ነው የተመረጠው። በከፊል ተቀነሰ፣ እዚያው ቆመ። ገዥ ብቻውን አያጠፋውም፤ ሪችመንድ ያለው ምክር ቤት አለ። ካውንቲውስ የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ከየት ያምጣ? እኔ ስፓንበርገርን ነው። ባለቤቴ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። የፌዴራል መንግሥቱ ስለተዘጋ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ቤት ተቀምጧል፣ ደመወዝ የለም። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ይለብስና ሳሎን ይቀመጣል። «ለምን?» ስለው «ከጠሩኝስ» ይለኛል። ይህን ትልቅ ጉዳይ ነው ብላ በየመድረኩ የምትናገረው እሷ ናት። ሌላዋ አለፍ አለፍ ታደርገዋለች።

የሌሊት ሹፌር፦
ገዥ ዋሽንግተን ያለውን መንግሥት ምን ያደርገዋል? አሁን ገንዘብ ያዥ ስለ አጎዋ ያለችኝ እኮ ይሄንኑ ነው።

ነርሷ፦
…እሺ፣ እዚህ ላይ ያዝከኝ። ግን ድምፄን አልቀይርም።

የአናንዴሏ እናት፦
እኔ ገና አልወሰንኩም። ፓርኪንግ ካሸር ነኝ። ዝቅተኛው ደመወዝ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነው። 15 የሚያደርገውን ሕግ ያንግኪን ሁለት ዓመት ተከታትሎ መልሶታል። ስፓንበርገር እፈርማለሁ አለች ይላሉ። ያቺኛዋ ደግሞ በፅንስ ማስወረድ ላይ አቋሟ ከእኔ እምነት ጋር ይሄዳል። ኪሴ ወደ አንዷ፣ ሃይማኖቴ ወደ ሌላዋ። እንዲህ ያለ ሰው በ3 ደቂቃ ምን ብሎ ይናገራል?

ጸሐፊው፦
እንዲህ ያሉትን ነው የምንፈልገው እትዬ። ልክ እንደዚህ አድርገው ይናገሩት።

ዲያቆኑ፦
ስለዚህ በየዓይነቱ ተወሰነ?

የሐረሩ፦
አልተወሰነም። በየዓይነቱም ቢሆን ጭልፋው ለየብቻ።

የስፕሪንግፊልዱ፦
በየዓይነቱ ከሆነ ሁሉም ጾም ነው። ለምኑ ነው ለየብቻው?

የሐረሩ፦
በቅቤ የተሠራ ሽሮ የሚያመጣ አይጠፋም። የማውቀውን ነው የምናገረው።

ገንዘብ ያዥ፦
ምግቡን ሰርዙት። ቡናና ቆሎ። 60 ዶላሩን ብቻ እፈቅዳለሁ። አዳራሹን ከፈለጋችሁ አዋጡ።

የሌሊት ሹፌር፦
በቆሎ ሰው አይመጣም። በዚህ ዓይነት ማህበር መሆን ምን ይጠቅማል? ሰው ሲሞት ብቻ ነው የምንሰበሰበው።

ሊቀመንበር፦
እንዲህ ያለ ቃል አይጻፍ። ሁለታችሁም ተረጋጉ። ማምሻውን እደውላለሁ።

ሁለተኛው ትውልድ፦
ይቅርታ፣ አማርኛዬ ትንሽ ነው። እናቴን ይዤ ልመርጥ ሄጄ ነበር። ቀድሞ መምረጥ ከሴፕቴምበር 19 ጀምሮ ክፍት ነው። ፌርፋክስ ውስጥ ባሎቱ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ፣ በስፓኒሽና በቬትናምኛ አለ፣ በአማርኛ የለም። የፌዴራሉ ሕግ የሚቆጥረው ስፓኒሽን፣ የእስያንና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋ ነው። ስንት ሰው ብንሆን የአፍሪካ ቋንቋ አይቆጠርም። ዋሽንግተን ዲሲ ግን ከ2004 ጀምሮ የራሱ ሕግ አለው፣ አማርኛ አለበት። ለሁለቱም ዘመቻ የሚላከው ደብዳቤ ስለዚህ ቢሆንስ? የናሙናውን ባሎት እኔ እተረጉማለሁ። እስከ እሑድ አደርሳለሁ።

ነርሷ፦
ጎሽ የኔ ልጅ። ከሁላችን የተሻለ ተናገርክ።

ጸሐፊው፦
ደብዳቤው ከንግግሮቹ በኋላ ነው የሚጻፈው እንጂ አስቀድመን አንወስነውም። ምክንያቱን ሳንሰማ ጥያቄውን ከየት እናመጣለን?

ሊቀመንበር፦
የልጁ ሐሳብ ጥሩ ነው። ማንንም አያስቀይምም። ደብዳቤው በባሎት ቋንቋ ላይ ይሁን።

ጸሐፊው፦
ጋሼ፣ ማንንም የማያስቀይም ከሆነማ ምሽቱ ለምን ያስፈልጋል?

ገንዘብ ያዥ፦
እሱን ነው እኔም ከመጀመሪያው የጠየቅኩት።

የስፕሪንግፊልዱ፦
እናቶች ባሎቱን ማንበብ ካልቻሉ ረዳት ይዘው መግባት ይችላሉ። ፎርም ይሞላል። ረዳቱ የፈለጉት ሰው ነው። አሠሪያቸውና የማህበር ተወካይ ብቻ አይቻልም።

የአናንዴሏ እናት፦
ታዲያ እናንተ ልትረዱኝ አትችሉም ማለት ነው?

የስፕሪንግፊልዱ፦
የሠራተኛ ማህበር ማለቱ ነው እትዬ። ዕድር አይደለም።

ዲያቆኑ፦
ከሕግ አዋቂ ይጠየቅ።

ጸሐፊው፦
ረቂቅ 2። ምግብ ተሰርዟል። ቡና፣ ቆሎና ዳቦ። የአዳራሹን 350 እኩል እናዋጣለን፤ እስካሁን 4 ሰው 20 20 ዶላር ብሏል። ደብዳቤው በአማርኛ ባሎት ላይ፣ ትርጉሙን ልጃችን ይዞታል። ንግግሩ ለአንድ ሰው 2 ደቂቃ።

የሌሊት ሹፌር፦
ዳቦ መቼ ገባ? ዳቦ ካለ ለምን ሳምቡሳ አይኖርም?

ዲያቆኑ፦
የምስር ከሆነ።

የሐረሩ፦
የምስር ከሆነ እኔ አመጣለሁ፣ በራሴ ወጪ። ጭልፋ አይፈልግም።

ነርሷ፦
እሑድ አልፏል። ትርጉሙስ? ልጁ አንብቦታል፣ መልስ የለም።

የአናንዴሏ እናት፦
ፈተና ላይ ነው አሉ። እናቱን አግኝቼ ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
ስንቱ ነው ያዋጣው? እኔ ጋ የደረሰው 40 ዶላር ነው። አዳራሹ ተቀማጭ ካልተከፈለ ቀኑን ለሌላ ይሰጣል፤ የሠርግ ወቅት ነው።

የስፕሪንግፊልዱ፦
አዳራሽ ለምን? ቀድሞ መምረጥ የሚያበቃው ቅዳሜ ኖቬምበር 1 ነው። ያንን ቀን መኪና አዘጋጅተን እናቶችን አናንዴል ሜሰን ምርጫ ጣቢያ እናድርስ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ 501(ሲ)(3)ንም አይነካም፤ ማንን እንደሚመርጡ እስካልነገርናቸው ድረስ።

ገንዘብ ያዥ፦
በዚህ እስማማለሁ።

ሊቀመንበር፦
እኔም። ባርኩልን።

የሌሊት ሹፌር፦
ሁለት መኪና አለኝ ብያለሁ። አንዱን እሰጣለሁ። ነዳጁን ግን ማን ይችላል?

ጸሐፊው፦
ጥቅምት 15 ንግግሩስ?

ነርሷ፦
እኔ ተናግሬያለሁ፣ ከላይ አለ። እሱም ተናግሯል።

ጸሐፊው፦
እሱ እኮ ጠብ ነበር።

ነርሷ፦
ይሁና።

ጸሐፊው፦
ረቂቅ 3። አዳራሽ የለም። ቅዳሜ ኖቬምበር 1 ከጠዋቱ 3 ሰዓት መኪናዎች ከተለመደው ካፌ ፊት ይነሳሉ። ሹፌር እስካሁን አንድ። ሳምቡሳ በመንገድ ላይ። የባሎት ትርጉም ፈቃደኛ ይፈለጋል። ንግግሩ መኪና ውስጥ፣ ለፈለገ።

ገንዘብ ያዥ፦
መኪና ውስጥም አይሆንም። ለመምረጥ በሚጓዝ ሰው ላይ የማህበር መኪና ውስጥ ዘመቻ ነው ይሉናል።

የሌሊት ሹፌር፦
የማህበር መኪና አይደለም፣ የኔ ነው! ታክሱን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

የአናንዴሏ እናት፦
እኔ ከነልጅ ልጄ ነው የምመጣው። የሕፃን ወንበር አለህ?

የሌሊት ሹፌር፦
ትልቁ መኪና ላይ አለ እትዬ። ስንት ዓመቱ ነው?