ኮሮላዬ ቆሞ ሲሰራ በጣም ይንቀጠቀጣል፣ ኢንጀክተር ነው ወይስ ሌላ?

የደምበላ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ አዳማ ነኝ፣ የ2004 ኮሮላ አለኝ 1.6 አውቶማቲክ። ዲ ላይ አድርጌ ፍሬን ይዤ ስቆም መሪውም ወንበሩም ይንቀጠቀጣል ኤሲ ስከፍት ደሞ ይብሳል አንዳንዴ ሊጠፋ ሁሉ ይደርሳል። ፈጣን መንገዱ ላይ ስወጣ ግን ብዙም አይታወቅም። ቼክ ኢንጅን አልበራም። አንድ ጋራዥ ሳይፈቱት አራቱም ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጩት) ይቀየር አሉኝ፣ ብሩ ቀላል አይደለም፣ ልጆች የማሳድገው በዚሁ መኪና ነው እባካችሁ የምታውቁ ከየት ልጀምር?

ፊልትሮ፦
የሞተር ጎሚኒ (ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚይዘው ጎማ) ነው ብሮ፣ የኔም እንደዛ ነበር ቀየርኩት ተገላገልኩ።

ጋሽ መፍቻ፦
ጎሚኒ ሊሆን ይችላል ግን ጎሚኒ ሞተር አያጠፋም እኮ። ሊጠፋ ይደርሳል ካልክ ሞተሩ ራሱ በደንብ እየሰራ አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩ ሲሞቅ አርፒኤሙን እየው፣ ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሲሰራ ያለው ዙር) 700 አካባቢ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዲ ላይ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ጎሚኒ ሂድ። መርፌው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ወይም ሞተሩ እየዘለለ የሚመታ ከሆነ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው)፣ አየር ነው የሚታየው። ይሄ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል ስላለው ማወቁ ቀላል ነው፦ ሞተሩን አጥፋ፣ የአንዱን ኮይል ሶኬት ንቀል፣ አስነሳና አድምጥ፣ ከዛ አጥፍተህ መልሰህ ቀጣዩን። ጤነኛውን ስትነቅል መንቀጥቀጡ ይብሳል፣ ስትነቅለው ምንም ለውጥ የሌለው እሱ ነው የማይሰራው። ግን ብዙ አታቆየው፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱን (ጭስ ማውጫው ላይ ጭሱን የሚያጣራውን) ይገድለዋል። ያገኘኸውን ኮይል ከጎኑ ካለው ጋር አቀያይር፣ ችግሩ አብሮት ከሄደ ኮይል ነው፣ እዛው ከቀረ ካንዴላውን ፈታ፣ እሱም ደህና ከሆነ ያኔ ስለ ኢንጀክተርና ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ ግፊት) እናወራለን። ሳይመረመር አራት ኢንጀክተር ቀይር የሚልህን ሰው አትስማ ወንድሜ፣ ያናድዳል በውነት።

ሀዋሳ ቆሬ፦
ጋሽ ያሉት ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው የአዳማ ንፋስና አቧራ የአየር ፊልትሮ ቶሎ ነው የሚደፍነው እሱን አውጥተህ እይ። ስሮትል ቦዲውም (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው) ካርቦን ከያዘ ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ይጣበቃል፣ ኤሲ ስትከፍት የሚብሰውም በዚህ ሊሆን ይችላል ምክንያቱም የኤሲው ኮምፕረሰር ጭነት ሲጨምር ሞተሩ አየር ጨምሮ ራሱን ማንሳት አለበት። ከስሮትሉ ኋላ ያሉትን የጎማ ቱቦዎችም ዳብሳቸው፣ የተሰነጠቀ ካለ አየር ይስባል ፉጨትም ትሰማለህ። የጋለ ሞተር ላይ ካርቦረተር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፣ እሳት ነው እንዳትሞክር።

የደምበላ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ! ፊልትሮው በአቧራ ጥቁር ብሏል ቀየርኩት ግን መንቀጥቀጡ አለ። 3ኛውን ስነቅል ምንም ለውጥ የለም፣ ከ2ኛው ጋር ሳቀያይረው ችግሩ ወደ 2 ሄደ። ኮይሉን ሳወጣው ደሞ ጫፉ ዘይት ነክቶታል፣ ይሄስ ምንድነው?

ጋሽ መፍቻ፦
ኮይልህ ሞቷል በቃ፣ ኢንጀክተሩን ተወው። ዘይቱ ከሞተሩ ላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ጎማ) ነው የሚወርደው፣ ሲያረጅ ይደርቅና የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ያንጠባጥባል። አዲስ ኮይል ገዝተህ ዘይቱን እዛው ብትተወው እሱንም ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ጓርኒሲዮኑን ከነጉድጓዶቹ ማኅተም አስቀይር፣ ካንዴላውን አራቱንም በአንድ ላይ። ኮይሉ ያገለገለም ቢሆን ኦሪጅናል ይሁን። እስክትቀይር ድረስ ቼክ ኢንጅኑ ብልጭ ድርግም ካለ ደሞ ወደ አዲስ አበባ እንዳትወጣበት።